የመመሪያው ምስክር፦ ለኮድ ጸሐፊ ማሽን የሚሰጥ መመሪያ እንዴት ይመዘናል?

ለብዙ ዓመታት የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠራበት መንገድ አንድ ነበር። ባለሙያው የፕሮግራም ቋንቋ ይማራል፤ ከዚያም ኮዱን መስመር በመስመር ይጽፋል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ መንገድ ተጨምሯል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚንቀሳቀሱ፣ ኤጀንት የሚባሉ ፕሮግራሞች ሥራው በተራ ቋንቋ ሲነገራቸው ያሉትን ፋይሎች ያነባሉ፤ አዲስ ኮድ ይጽፋሉ፤ የጻፉትን ያስኬዳሉ፤ ስሕተት ሲያገኙም መልሰው ያርማሉ። በሰው ምትክ የሚሠሩ በመሆናቸው በዚህ ጽሑፍ «ወኪል» እያልን እንጠራቸዋለን።

ወኪሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያነበው አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ። የመመሪያ ፋይል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2025 «ኤጀንትስ ዶት ኤምዲ» የሚል የጋራ ስም ወጥቶለት በብዙ ወኪሎች ዘንድ ተለምዷል። በውስጡ የሚጻፈው ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው ዓይነት ነገር ነው፦ ኮዱ የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ቀለም ለየትኛው ቁልፍ እንደሚውል፣ ሥራው አልቋል ከማለት በፊት ምን መረጋገጥ እንዳለበት፣ ምን ጨርሶ መነካት እንደሌለበት።

እንዲህ ያለውን ፋይል መጻፍ ቀላል ነው። ማንኛውም ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ገጽ ሊሞላ ይችላል። አስቸጋሪው ጥያቄ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፦ የጻፍነው መመሪያ በእርግጥ እንደሚሠራ በምን እናውቃለን? በተለይ ሥራው የተጠቃሚ ገጽ፣ ማለትም ሰው በስክሪን ላይ የሚያየው፣ የሚነካውና የሚሞላው ክፍል ሲሆን ይህ ጥያቄ እጅግ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር በይፋ ተጀምሯል፤ ኮድ የሚማረው ወጣት ቁጥሩ በበዛ መጠን ከወኪል ጋር የሚሠራውም ይበዛል። ስለዚህ ጥያቄውን ከወዲሁ መመርመር ይገባናል።

ያልተነገረው ሁሉ ከሌላ አገር ይመጣል

ወኪሉ ልማዱን ያገኘው በዓለም ዙሪያ ከተጻፈ ኮድ ነው። ከዚህም አብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ ለሌሎች አገሮች ተጠቃሚዎች የተጻፈ ነው። ስለዚህ ባልነገርነው ነገር ላይ ሁሉ የሚሞላው የሌላውን አገር ልማድ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚኖሩ ገበሬዎች የማዳበሪያ መውሰጃ ቀጠሮ የሚያሳይ የስልክ ገጽ በወኪል ሊያሠሩ አሰቡ እንበል። ምሳሌው የታሰበ ነው፤ ችግሮቹ ግን የታሰቡ አይደሉም።

ወኪሉ የቀጠሮውን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይይዝና በገጹ ላይ «9:00» ብሎ ያወጣል። ይህ ማለት በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በወገዳ አቅራቢያ ያለው ገበሬ ግን «9» ሲያይ የሚረዳው ከቀኑ 9 ሰዓትን ነው። ለአህያው ጭነት አዘጋጅቶ፣ ሰዓቱን አስልቶ ይመጣል፤ የሚደርሰውም 6 ሰዓት ዘግይቶ ነው። ኮዱ አልተሰናከለም፤ ስክሪኑም የስሕተት መልእክት አላሳየም። የተጎዳው ሰውዬው ብቻ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። የእኛ ዓመት 13 ወራት አሉት። ጳጉሜን በሦስት ተከታታይ ዓመታት 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. እውነተኛ ቀን ነበር፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2023 ማለት ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን አልነበረም። አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ቅጽ የመጀመሪያውን ይከለክላል፤ በግድየለሽነት የተሠራ ቅጽ ደግሞ ሁለተኛውን ይቀበላል።

ስም ሲጠይቅ ወኪሉ «የቤተሰብ ስም» የሚል የግዴታ ሣጥን ያስቀምጣል። እኛ ግን ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። ስልክ ቁጥር ሲፈትሽ በ09 የሚጀምረውን ብቻ ይቀበል ይሆናል፤ ይሁንና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለው ሰው ብዙ ነው።

ፊደላችንም የራሱ ጠባይ አለው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የአጻጻፍ ስልት አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ገብረመድኅን» የሚለው ስም 7 ፊደል ነው፤ ስለዚህ 21 ባይት ይፈልጋል። የስሙ ማስቀመጫ በ20 ባይት ከተወሰነ የመጨረሻዋ «ን» ተቆርጣ ትቀራለች። በዚህ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በንባብ አንድ በመሆናቸው «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል።

በመጨረሻም የቋንቋው ሥነ ሥርዓት አለ። በእንግሊዝኛ አንድ የሆነው ትእዛዝ በአማርኛ «ግባ»፣ «ግቢ» እና «ይግቡ» ተብሎ ይለያያል። በቁልፉ ላይ «ግባ» ብሎ የጻፈ ወኪል ሴቲቱን በወንድ አንቀጽ ይጠራታል፤ ሽማግሌውንም አንተ ይላል።

እነዚህን ሁሉ በመመሪያ ፋይል ልናስተካክላቸው እንችላለን። ነገር ግን «ገጹ ለኢትዮጵያውያን ተስማሚ ይሁን» ብለን ብንጽፍ ምን ያህል ይረዳል? መልካም ዐረፍተ ነገር ነው፤ መልካምነቱ ግን ማስረጃ አይሆንም።

የጋይንት ምስክር ቤት

ስለ መመሪያና ስለ ፈተና ሲነሣ ጋይንት እንግዳ ምሳሌ አይደለችም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ታሪክ የሚያውቁ አንባቢያን እንደሚያስታውሱት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነው ቤተ ልሔም የሚገኘው በጋይንት ነው። የድጓ ዜማ የሚመራው ከቃላቱ በላይ በሚሰፍሩ ጥቃቅን ምልክቶች ነው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደትና ቁርጥ ይባላሉ። ምልክቶቹን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ይነገራል።

እንግዲህ የድጓው መጽሐፍ ለዘማሪው የመመሪያ ፋይል ነው ብንል ብዙ አንርቅም። ነገር ግን ደቀ መዝሙሩ ምስክር የሚሆነው መጽሐፉ በጥሩ ብራና፣ በጥሩ እጅ ስለተጻፈ አይደለም። በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ መምህሩም ይሰማል፤ ያርማል። የሚመዘነው ከምልክቶቹ የወጣው ዜማ ነው። የእኛም መርሕ ይኸው ነው፦ መመሪያ በንባቡ አይመዘንም፤ ከእሱ በወጣው ሥራ ይመዘናል።

መመሪያን እንደ ግምት ማየት

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ሐሳብ እስኪፈተን ድረስ ግምት ነው። በመመሪያ ፋይል ውስጥ ያለ እያንዳንዱ መስመርም «ይህን ብጽፍ ወኪሉ እንዲህ ያደርጋል» የሚል ግምት ነው። ግምቱን ለመፈተን የሚከተሉት ደረጃዎች ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፤ መመሪያው ሊፈተሽ በሚችል ቋንቋ ይጻፍ። «ሰዓት በአገር ልማድ ይታይ» ከማለት ይልቅ «በዓለም አቀፍ 9:00 የተመዘገበ ቀጠሮ በገጹ ላይ ‹ከጠዋቱ 3 ሰዓት› ተብሎ ይታይ» እንበል። «ቀኑ ትክክል ይሁን» ከማለት ይልቅ «ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ይቀበል፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 አይቀበል፤ ስሌቱንም ራስህ አትጻፍ፣ በብራውዘሩ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ተጠቀም» እንበል። ሁለት ሰዎች ተነጋግረው «ተፈጽሟል» ወይም «አልተፈጸመም» ብለው መስማማት የማይችሉበት መመሪያ ለወኪሉም ግልጽ አይሆንም።

ሁለተኛ፤ የፈተና ሥራዎች ይዘጋጁ። ለምሳሌ 10 ልዩ ልዩ ሥራዎች፦ የምዝገባ ቅጽ፣ የቀጠሮ ዝርዝር፣ በስም የመፈለጊያ ገጽ፣ ደረሰኝ፣ የስሕተት መልእክት ወዘተ። ከእነዚህ ግማሾቹ መመሪያውን ስንጽፍና ስናሻሽል ፈጽሞ የማናያቸው ይሁኑ። የፈተናውን ጥያቄ አስቀድሞ ያወቀ ተማሪ ውጤቱ ዕውቀቱን እንደማያሳይ ሁሉ፣ በታወቁ ሥራዎች ላይ ብቻ የተስተካከለ መመሪያም በአዲስ ሥራ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ማነጻጸሪያ ይኑር። ያንኑ ሥራ፣ ያንኑ ወኪል፣ አንድ ጊዜ ከመመሪያው ጋር፣ አንድ ጊዜ ያለ መመሪያው እናሠራው። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ደረጃ ነው። ወኪሉ ያለ መመሪያውም በትክክል ይሠራው የነበረውን ነገር የመመሪያው ፍሬ አድርገን እንዳንቆጥረው የሚጠብቀን ማነጻጸሪያው ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ሙከራው ይደጋገም። ወኪሉ ለአንድ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም፤ በቋንቋ ሞዴሉ ምርጫ ውስጥ ዕድል ድርሻ አለው። እንበልና ያለ መመሪያው ከ10 ሙከራ 5ቱ፣ ከመመሪያው ጋር ደግሞ ከ10 ሙከራ 7ቱ ሰዓቱን በትክክል አሳዩ። መመሪያው ረድቷል እንላለን? ገና ነው። በ10 ሙከራ የሁለቱ ውጤቶች ልዩነት በዕድል ብቻ በ0.21 ያህል ሊወዛወዝ ይችላል፤ እኛ ያየነው ልዩነት ደግሞ 0.20 ነው። ከ100 ሙከራ 50 እና 70 ቢሆን ግን መወዛወዙ ወደ 0.07 ይወርዳል፤ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል፤ ያን ጊዜ በድፍረት መናገር ይቻላል። የቆጠራ ስሕተት በሙከራው ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ እንደሚቀንስ በአንደኛ ዓመት ቤተ ሙከራ የተማርነው ሕግ እዚህም ይሠራል።

አምስተኛ፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ። ፋይሉ በጠቅላላው እንደረዳ ካወቅን በኋላ የትኛው መስመር እንደረዳ ማወቅ ያሻል። አንዱን መስመር አውጥተን ሙከራውን እንድገም። ውጤቱ ካልተለወጠ መስመሩ ቦታ ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ውጤቱ ከተሻሻለ ደግሞ መስመሩ እንቅፋት ኖሯል ማለት ነው።

የመመሪያ ብዛት ጥበብ አይደለም

አንዳንድ ጸሐፊዎች ወኪሉ ባጠፋ ቁጥር አዲስ መስመር ይጨምራሉ። ፋይሉም እየረዘመ ይሄዳል። ይህ ለምን እንደማያዋጣ በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ወኪሉ እያንዳንዱን መመሪያ የመጠበቅ ዕድሉ 95 በመቶ ነው እንበል፤ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ የለውም ብለንም እንነሣ። 10 መመሪያ ሲኖር ሁሉንም በአንድ ላይ የመጠበቅ ዕድሉ 0.95 በራሱ 10 ጊዜ ተባዝቶ 60 በመቶ ያህል ይሆናል። 20 መመሪያ ሲኖር ወደ 36 በመቶ ይወርዳል።

በዚህ ላይ የቋንቋ ሞዴሎች ረጅም ጽሑፍን ሁሉ በእኩል ትኩረት አይጠቀሙበትም። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና የሌሎች ተቋማት ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የተፈተኑት ሞዴሎች በረጅም ጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለውን መረጃ በመካከሉ ካለው በተሻለ ሁኔታ ሲጠቀሙ ታይተዋል። አዳዲስ ሞዴሎች በዚህ ረገድ ምን ያህል እንደሚለያዩ በየጊዜው መፈተሽ ያለበት ነገር ነው። ሆኖም ጥንቃቄው ይኸው ነው፦ ሰው የሚጎዳበት መመሪያ በፋይሉ ራስ ላይ ይቀመጥ፤ ማሽን በራሱ ሊፈትሸው የሚችለው ደግሞ ከመመሪያ ወጥቶ በኮድ የተጻፈ ፈተና ይሁን። ወኪሉ መመሪያን ሊዘነጋ ይችላል፤ የወደቀ ፈተናን ግን በቀላሉ ማለፍ አይችልም።

ማሽን የሚያየውና ሰው የሚያየው

የኮድ ወኪሎችን ለመመዘን ከተዘጋጁ ታዋቂ መለኪያዎች አንዱ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት እ.ኤ.አ. በ2023 የቀረበው ኤስደብሊውኢ-ቤንች ነው። ከ12 የፓይተን ፕሮጀክቶች የተሰበሰቡ 2,294 እውነተኛ ችግሮች አሉት። ወኪሉ ችግሩን መፍታቱ የሚታወቀው የፕሮጀክቱ ፈተናዎች ሲያልፉ ነው። ለስሌትና ለመረጃ አያያዝ ይህ ብልህ ዘዴ ነው። ለተጠቃሚ ገጽ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሳል።

ማሽን የሚፈትሻቸው ነገሮች አሉ። የፊደሉና የመደቡ ቀለም ንጽጽር ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆኑን፣ የሚነካው ቁልፍ ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል መሆኑን ማሽን ይለካል። እነዚህ መጠኖች እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.2 እትም የተቀመጡ ናቸው። ከላይ ያነሣናቸውን የጳጉሜን፣ የስልክ ቁጥርና የ21 ባይት ስም ፈተናዎችም ማሽን ያለ ድካም ሺህ ጊዜ ይደጋግማቸዋል።

ማሽን የማያያቸውም አሉ። በጉና ተራራ ግርጌ በቀትር ፀሐይ፣ ብርጭቆው በተሰነጠቀ ርካሽ ስልክ ላይ ጽሑፉ ይነበባል ወይ? «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው» የሚለው መልእክት ሰውዬውን እንዲጠብቅ ወይስ ተመልሶ እንዲመጣ ይነግረዋል? የኔትወርክ መስመር ቢቋረጥ የሞላው ሁሉ ጠፍቶ እንደገና ይጀምራል ወይ? ለዚህ የሚያስፈልገው ገጹን ይዞ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ መሄድና ሰዎች ሲጠቀሙበት ዝም ብሎ ማየት ነው። ማገዝ አይፈቀድም፤ ቆጥሮ መመዝገብ ብቻ ነው፦ ከ10 ሰው ስንቱ ቀጠሮውን አግኝቶ ሰዓቱን በትክክል ተናገረ?

ይህን የሚያይ ሰውም ሚዛኑ እንዳያደላ፣ የትኛው ገጽ ከመመሪያው ጋር፣ የትኛው ያለ መመሪያው እንደተሠራ ሊነገረው አይገባም። በሕክምና ምርምር የታወቀው የስውር ሙከራ ዘዴ ለእኛም ያገለግላል፤ ሰው የደከመበትን ነገር ማመስገን ይወዳልና።

ሚዛኑም ይታደሳል

የቤተ ሙከራ ሚዛን በየጊዜው በታወቀ ክብደት ይስተካከላል። የመመሪያ ፋይልም እንዲሁ ነው። በወኪሉ ውስጥ ያለው ሞዴል ሲለወጥ ትናንት አስፈላጊ የነበረ መስመር ዛሬ ትርፍ ሊሆን ይችላል፤ ትናንት በትክክል የተረዳውንም ዛሬ በሌላ መንገድ ሊተረጉመው ይችላል። ስለዚህ ፈተናዎቹ ከመመሪያው ጋር በአንድ ቦታ ይቀመጡ፤ ሞዴሉ በተለወጠ ቁጥርም እንደገና ይካሄዱ። የተገኘው ውጤት ከነቀኑ፣ ከነሞዴሉ ስምና ከነሙከራው ብዛት ይመዝገብ። ያለዚህ «መመሪያችን ጥሩ ነው» ማለት ያለ መለኪያ አሃድ ቁጥር እንደ መናገር ነው።

ውድ አንባቢያን፤ ይህን ለመሞከር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ወኪል፣ ሦስት አራት ጓደኛሞችና አንድ ወረቀት ይበቃሉ። በጥቂቱ ይጀመር፦ አንድ የቀጠሮ ገጽ፣ አምስት መስመር መመሪያ፣ ሃያ ሙከራ ያለ መመሪያው፣ ሃያ ሙከራ ከመመሪያው ጋር። በወረቀቱ ላይ ሁለት ዐምድ አስምሩና በእያንዳንዱ ሙከራ አንዲት ጥያቄ ብቻ መልሱ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተቀጠረው ገበሬ ይህን ገጽ አይቶ በስንት ሰዓት ይመጣል?